የጫማ ሰፊው በርጩማ

አንድ ሰው ነበረ። ባለጠጋ ነበር፤ ሳንባውም የታመመ ነበር።

አቶ ዘርጋው ምሳሌውን እንዲህ ብለው የጀመሩት ወይዘሮ ትርንጎ ለጠየቋቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። አቶ ዘርጋው ሠላሳ አራት ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ልባቸው ከታመመ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ጥያቄው አጭር ነበር።

«ጋሽ ዘርጋው፣ እኔና ጎረቤቴ እናኑ ሕመማችን አንድ፣ ኪኒናችን አንድ፣ ሐኪማችን አንድ። እሷ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። እኔ ከአልጋዬ እስከ በሩ አቃተኝ። ለእሷ ተሰጥቶ ለእኔ የተከለከለው ምንድን ነው?»

እናኑ በዚያው ዕለት ጠዋት ዘንቢሏን አንጠልጥላ በበራቸው አልፋለች። ወይዘሮ ትርንጎ በመጋረጃው ቀዳዳ አይተዋታል። ሰላምታ ከነሷት ሁለት ወር ሆኗል።

አቶ ዘርጋው ቀጠሉ።

ባለጠጋው እህል ነጋዴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያጨሰው ሲጋራ ሳንባውን ጎዳው። ሐኪሙ ሲጋራውን አስተወው፣ መድኃኒትም ሰጠው። ሳሉ ቀነሰ፤ የትንፋሹ ማጠር ግን አልቀረም። እንዲህ የተጎዳ ሳንባ ወደ ጥንቱ አይመለስም።

ቤተ ሰቡ ይወደው ነበር። ሊነሣ ሲል «በሞቴ፣ አይነሱ!» ይሉታል። ውሃው እጎኑ ይቀርባል፣ ማስታጠቢያው ካለበት ይመጣል፣ ጫማውን ልጁ ታጠልቅለታለች። እንግዳ ሲገባ እንደ አገሩ ልማድ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር» ሊል ይሞክራል። እንግዳው ግን ትከሻውን ይዞ «በእግዜር! ኧረ በእግዜር! እርስዎማ ታመው!» እያለ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሰውየውም መከበሩን ወደደው። በረንዳው ላይ ትራስ ያለው ባለመደገፊያ ወንበር ተደረገለት።

በመጀመሪያው ዓመት ገበያ መሄድ ተወ። በሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወ። በሦስተኛው ከወንበሩ ለመነሣት ሁለት ሰው አስፈለገው። ሁሉም «ሳንባው ባሰበት» አሉ። ሐኪሙ ሲለካው ሳንባው እንደ አምናው ነበር። የከሳው ጭኑ ነው። ጭኑን ግን ጋቢ ስለሚሸፍነው ማንም አላየውም።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። እሱ ደግሞ ልቡ ታሟል። ወር በገባ ቁጥር ሁለቱም በአንድ ቀን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ባለጠጋው በባጃጅ፣ ጫማ ሰፊው በእግሩ። እሑድ እሑድ ጫማ ሰፊው አራት ቦታ ቆም እያለ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ይወጣል። ባለጠጋው ከበረንዳው ሆኖ ያየዋል።

ባለጠጋውን ቅናት ያዘው።

«እሱ ደጀ ሰላሙን ይሳለማል፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ደወል እሰማለሁ» አለ። ጫማ ሰፊው ሲስቅ ከሰማ ያን ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር ይጣላል። ከጊዜ በኋላ የራሱን ሕመም ረስቶ የሰውየውን ጤንነት ብቻ ያስብ ጀመር።

አሽከሩን ልኮ ምን እንደሚበላ አስጠየቀ። ሽሮ ነው፤ ቅቤ እንኳ የለውም። ምን እንደሚጠጣ አስጠየቀ። ውሃ ነው። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ነርሷን ያዛት።

«የዚያን የጫማ ሰፊ ኪኒን ስጪኝ።»

«የእሱ የልብ ነው አባባ። የእርስዎ የሳንባ ነው።»

«የእኔን ለእሱ፣ የእሱን ለእኔ ብታደርጊውስ?»

ነርሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በመጨረሻ ዓይኑ በርጩማው ላይ አረፈ። ጫማ ሰፊው ከአባቱ በወረሳት፣ ሦስት እግር ባላት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ከእሷ በቀር ሌላ መቀመጫ አይነካም። ባለጠጋው «ከሥሯ ክታብ ታስሯል» ብሎ ደመደመ። ወንበሩን ከነትራሱ አሸክሞ ላከና በርጩማዋን በለውጥ ጠየቀ።

«ጋሼ ተሳስተው እንዳይሆን፤ ይቺ እኮ የተላጠች እንጨት ናት» አለ ጫማ ሰፊው።

«እሷኑ ነው የፈለጉት» አለ አሽከሩ።

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። «ዙፋን ላይ ሆኖ ጫማ ይሰፋል እንዴ?» አለው አንዱ። ጫማ ሰፊው «ዝም ብለህ ሹመት ያዳብር በለኝ» አለና ወንበሩ ላይ ጉብ አለ።

በማግሥቱ ታቦቱ የሚነግሥበት ቀን ነበር። ባለጠጋው ልጆቹን «እበርጩማዋ ላይ አስቀምጡኝና ሂዱ» አላቸው። ተከራከሩት፤ አልሰማም። አስቀምጠውት ሄዱ። ብቻውን ሲቀር እጁን ከሥሯ ሰድዶ ዳበሰ። ያገኘው አንድ ምስማርና የሸረሪት ድር ነው።

ልነሣ አለ። በርጩማዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሞከረ፣ አልተነሣም። ደግሞ ሞከረ፣ አልተነሣም። ተጣራ፤ ሰፈሩ በሙሉ ንግሥ ወጥቷል። ፀሐይዋ ወደ እሱ ዞረች።

ሳሉን የሰማው ከንግሡ ቀደም ብሎ የወረደው ጫማ ሰፊ ነው። ገብቶ ቆመ።

«ምነው ጋሼ?»

«አንሣኝ።»

«እኔ እርስዎን ላንሣ ብል ሁለታችንንም የሚያነሣ ሦስተኛ ሰው ሊፈለግ ነው» አለ ጫማ ሰፊው። «እግርዎን ወደ ራስዎ ሰብሰብ ያድርጉ። ደረትዎን ወደ ፊት። በሉ አሁን፣ በአፍዎ እፍ እያሉ ይነሱ።»

ባለጠጋው አንድ ስንዝር ተነሥቶ ወደቀ። አረፈ። ሁለተኛ ጊዜ ከግማሽ ደረሰ። አረፈ። ሦስተኛ ጊዜ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ አስቀድሞ የከዳው ግን ትንፋሹ አልነበረም። ጭኑ ነው የተንቀጠቀጠው። ይህን ራሱ አስተዋለ።

«ምስጢሩን ንገረኝ» አለ።

«ምን ምስጢር አለው ጋሼ? መንገድ ዳር ነው የምውለው። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ እናቶች ያልፋሉ። ተቀምጬ ሰው እንዳሳልፍ አባቴ አላስተማረኝም። ብድግ እላለሁ። ሲደክመኝ አርፋለሁ። ሌላው ሲመጣ ደግሞ ብድግ እላለሁ። ሁሉም ‹በእግዜር› ይሉኛል፤ እስኪሉኝ ድረስ ግን ተነሥቻለሁ።»

በማግሥቱ ባለጠጋው ከበረንዳው ሆኖ ቆጠረ። ጫማ ሰፊው እስከ ቀትር ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተነሣ። ባለጠጋው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያየው ኖሮ ይህን አላየም። ሲያይ የኖረው ዳገቱን ብቻ ነው።

ያን ቀን «አይነሱ» የሚለው ቃል በቤቱ እንዳይሰማ አዘዘ። በርጩማዋን መለሰ። ከሦስት ቀን በኋላ ጫማ ሰፊው ወንበሩን ሊመልስ አሸክሞ ሲገባ፣ ባለጠጋው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። እግሩን ሰብሰብ አደረገ፣ እፍ አለ፣ ተነሣ። «ኖር» አለ።

ጫማ ሰፊው ደነገጠ። «በእግዜር! በእግዜር ጋሼ!» እያለ ሮጠ። እስኪደርስ ድረስ ግን ባለጠጋው ተነሥቶ ነበር።

ሳንባው አልዳነም። በዓመቱ በንግሡ ቀን ዳገቱን እስከ ግማሽ ወጣ፤ ከዋርካው ሥር ሆኖም ተሳለመ።

አቶ ዘርጋው ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞሩ።

«ትርንጎ፣ ባለጠጋው አንቺ ነሽ። ሳንባም ልብም ሲታመም ሰው ይቀመጣል። ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሰውየው አብዝቶ ይቀመጣል። እናኑ ምንም አልወሰደችብሽም። ምራትሽ ማንቆርቆሪያውን ከእጅሽ ትቀማለች፤ በፍቅር ነው፣ እግርሽን የወሰደው ግን እሱ ነው። ኪኒንሽን አትተዪ። ስንት ጊዜ መነሣት እንደምትችዪ ሐኪምሽን ጠይቂ። ደረትሽን ካመመሽ ወይም እግርሽ ካበጠ አትታገዪ፣ ወደ ሐኪሙ ሂጂ። በመቅናትሽ አልፈርድብሽም። ዓይንሽ ግን ዘንቢሏን ነው ያየው። ስትነሣ አላየሻትም።»

ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእናኑ ድምፅ ነው።

«ከገበያ ስትመለስ ጎራ እንድትል የነገርኳት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ዘርጋው።

ከጓዳ የምራታቸው ድምፅ መጣ። «እማማ አይነሱ፣ እኔ እከፍታለሁ!»

«በሩን እሷ ትክፈት» አሉ አቶ ዘርጋው። «አንቺ ግን እናኑ ስትገባ ‹ኖር› በያት። በአፍሽ ብቻ እንዳይሆን።»