ገንዳው ከአቶ ይልቃል ደጅ የተነሣ ጊዜ

ግንብ ሥር በሚባለው ሰፈር አንድ ሰው የሚያገለግለውን ነገር ሲንቅና ሲገፋ የታየ እንደሆነ፣ ነዋሪዎቹ እርስ በርስ ይጠቃቀሱና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። እንግዳ ሰው ለሳቅ ያህል የተባለች ይመስለዋል። የለም፣ ታሪክ አላት፤ ያውም ውል የተጻፈባትና ሽማግሌ የተላከባት።

አቶ ይልቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ብዕራቸው የማያስፈታው እስረኛ፣ የማያስለቅሰው ዳኛ የለም ይባላል፤ አዘውትረው የሚሉት ግን ራሳቸው ነበሩ። በዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቀርቶባቸዋል፤ ከግቢያቸው በር አጠገብ የቆመው የሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ። ይህ ትልቅ የብረት ገንዳ የግንብ ሥርን ጥራጊ ሁሉ ይውጣል፤ ማክሰኞና ዓርብ መኪና እየመጣ ያራግፈዋል። እስከዚያው ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ውሻ ያጣላል።

ልጃቸውን ሰናይትን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች በወሩ መጨረሻ እሑድ እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ አቶ ይልቃል እንቅልፍ አጡ።

«ሽማግሌ አፍንጫውን ይዞ ልጄን ይጠይቀኝ?» አሉ ለባለቤታቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሽሮ እየነፉ፣ «ታዲያ ክዳን እናሠራለት» አሉ።

«ክዳን? ብዕር እያለኝ! ከዚህ ይነሣል እንጂ!»

ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጽፈው ለዕድሩ አቀረቡ። የዕድሩ ዳኛ እስከ መጨረሻው አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መልካም፤ ግን ወደ ማን ደጅ ይሂድ?» ብለው ጠየቁ። ጉባኤው በሙሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ቀጭን አሮጊት ተነሡ። ከመንገዱ ግርጌ ጎመን እየተከሉ የሚኖሩት እማማ ሽታዬ ናቸው።

«እኔ ደጅ ይቁም።»

አቶ ይልቃል ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ! ስምዎም ሽታዬ ነው፤ ይስማማዎታል!»

ሰው ሳቀ። እማማ ሽታዬ አልሳቁም። «አንድ ነገር ብቻ ልጄ። አንዴ ከመጣልኝ አይመለስም። በዚያ በሚያምር እጅህ ጻፍልኝ።»

አቶ ይልቃል እዚያው ወረቀት አወጡ። «ገንዳው ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቀድሞ ስፍራው ለዘለዓለም እንዳይመለስ፤ በቀድሞው ስፍራም ከእንግዲህ ጥራጊ ቢገኝ፣ ጠራጊው እኔው ይልቃል ልሁን» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ሁለተኛውን ሐረግ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ ሳይሞላ የቀረ መስሎ ስለታያቸው ለማሳመር የጨመሩት ነው።

ገንዳው በማግስቱ ተነሣ። አቶ ይልቃል ቦታውን በውኃ አሳጠቡ፤ ወንበር አውጥተው ደጃቸው ላይ ተቀመጡና ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። ሁለት ቀን እንዲህ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ቢከፍቱ አንድ ፌስታል የሽንኩርት ልጣጭ ቁጭ ብሏል። በአራተኛው ቀን አራት ሆነ። በሳምንቱ ክምር ሆነ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እማማ ሽታዬ ገንዳውን ከተረከቡ ወዲህ በርጩማ አውጥተው፣ ከዘራ ይዘው አጠገቡ ይውላሉ። ጥራጊ ይዞ የመጣውን ሁሉ ያስቆማሉ። «ፍታው! ልጣጩን ወደ ጉድጓዴ፣ ለጎመኔ ይሆናል። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ወዲህ፣ ለቆራሌው ነው። የቀረውን ገንዳው ውስጥ።» ቆራሌው በየሳምንቱ መጥቶ ይወስድላቸዋል፤ ጎመኑም እንደዚያ ዓመት ወፍሮ አያውቅም። ታዲያ ፌስታሉን መፍታት የታከተው ሁሉ፣ እግሩ ለዓመታት ወደለመደው ወደ አቶ ይልቃል ደጅ ይመለሳል። ገንዳ አለ የለም ብሎ የሚያይ የለም፤ ወርውሮ ይሄዳል።

አቶ ይልቃል ብዕራቸውን አነሡ። «እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ብለው በትልቁ ጽፈው ሰቀሉ። ከዚያ ወዲያ ቦታውን ከነጭራሹ የማያውቁት የላይኛው ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ ሰሌዳውን አይተው፣ «ለካ የሚጣለው እዚህ ኖሯል» እያሉ ይመጡ ጀመር።

አቶ ይልቃል ማጠሩ ነው ያበላሸው አሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጽሑፉን አስረዘሙት። ስለ ጎረቤት ፍቅር፣ ስለ ጤና፣ ስለ አባቶች ሥርዓት፣ ሙሉ ገጽ። መንገደኛው ለማንበብ ይቆማል፤ ረጅም ስለሆነ ሸክሙን መሬት ያስቀምጣል፤ እስከ መጨረሻው ያነብባል፤ ልቡ ይነካል፤ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። ሸክሙ ይቀራል።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ቅዳሜ፣ አቶ ይልቃል ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ወደ መንገዱ ግርጌ ወረዱ።

«እማማ፣ ያን ክምር እንድከትበት ገንዳውን ለነገ ብቻ ያውሱኝ።»

እማማ ሽታዬ ከመቀነታቸው የተጣጠፈች ወረቀት ፈትተው ሰጧቸው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

አቶ ይልቃል የገዛ ጽሑፋቸውን አነበቡ። «ለዘለዓለም» የምትለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀጠነ።

«ድገማት እስቲ፣ እሷ ታምራለች» አሉ እማማ ሽታዬ። «ከሷ ቀጥላ ያለችውንም እንዳትረሳ።»

እሑድ ጠዋት አቶ ይልቃል አሮጌ ካፖርት ለብሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ክምሩን በአካፋ እየዛቁ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይሞሉ ጀመር። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለስድስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ያልቃል ብለዋል። ሦስተኛውን ከረጢት ሲያነሡ ግን ከኋላቸው የከዘራ ኳኳታ ሰሙ። ነጭ በነጭ የለበሱ ሦስት አዛውንቶች ቆመዋል።

ትልቁ፣ አቶ ዘውገ የሚባሉት፣ «ደኅና አደርክ ወንድሜ፣ የአቶ ይልቃል ቤት የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ይልቃል ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ከፍ አደረጉ። እኔ ነኝ ቢሉ ልጃቸውን አዋረዱ፤ ዝም ቢሉ ያስነቃል። በአካፋው ወደ በሩ ጠቆሙና በነጠላው ውስጥ፣ «ያ ነው፤ ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው» አሉ። ከዚያ በጎረቤት አጥር ዘልለው በጓሮ በር ገቡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ሙሉ ልብስ ለበሱ፣ ክራቫት አሰሩ፤ እያለከለኩ ሳሎን ብቅ አሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመዋል። «ተቀመጡ እንጂ» ቢሏቸው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። አቶ ዘውገ ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ልጁ ጨዋነት ሲናገሩ ቆይተው ድንገት አንገታቸውን አሰገጉ። ጠጋ ብለው ከአቶ ይልቃል ጆሮ ጀርባ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ በሁለት ጣታቸው አነሡና በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«መንገድ ያመለከተን ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጌታው ትልቅ ሰው ናቸው ብሎን ነበር።»

ከጓዳ የሰናይት ሳቅ ተሰማ። ወይዘሮ ደብሪቱ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። አቶ ይልቃል መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ አላባቸው፣ በመጨረሻም ደከማቸውና ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሁሉን ተናገሩ፤ ማመልከቻውን፣ ውሉን፣ ያቺን ለማሳመር የጨመሯትን ሐረግ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ እንዳይቀመጡ የሚያዘውን ወግ ረስተው ተቀመጡ።

አቶ ዘውገ እንባቸውን ጠርገው፣ «የእኛ ወገን ኩራተኛ አማች ፈርቶ ነበር» አሉ። «አካፋ የሚያነሣ መሆንዎን ከነገርናቸው ፍርሃቱ ይለቃቸዋል። ልጅቱን ይስጡን።»

አቶ ይልቃል ባለቤታቸውን አዩ፣ ባለቤታቸው ወደ ጓዳው አዩ፤ ከጓዳው እልልታ መጣ። ተፈቀደ፤ ተበላ፤ ተጠጣ።

ወደ ማታ ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ በሩን ሲከፍቱ፣ አንዲት ሴት ዘንቢል ሙሉ ጥራጊ እግሯ ሥር አስቀምጣ ረጅሙን ጽሑፍ ታነብባለች። ጨርሳ «ውይ ምስኪን!» አለችና ከንፈሯን መጥጣ፣ ዘንቢሏን እዚያው ዘርግፋ ባዶውን አንጠልጥላ ሄደች። አቶ ይልቃል ክራቫታቸውን ፈትተው አካፋቸውን አነሡ። አቶ ዘውገም በከዘራቸው ተደግፈው ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው፣ «አያችሁ፣ ገንዳ ያባረረን ጥራጊ ደጅ ይጠናዋል» አሉ።