ፍሙን ማን ይቀበል?

ተረት ላምጣ? «አምጪ!» በሉኝ እንጂ! ዝም ላለ ሰው አላወራም። እሺ፣ አመጣሁ።

ድሮ፣ ክብሪት የሚባል ነገር ሳይኖር፣ መንገደኛውንም ዕቃውንም የሚያመላልሱ ሦስት ነበሩ። ከደጋው እስከ ወንዙ እመት በቅሎ፣ ወንዙን እመት ታንኳ፣ ማዶ ያለውን ቆላ አያ ግመል። ሥራቸውን ይችላሉ፣ አይካድም። ግን ተነጋግረው አያውቁም! በቅሎ ጭነቷን ወንዙ ዳር ታራግፍና «የእኔ ድንበር እዚህ ድረስ ነው» ብላ ጅራቷን እየነሰነሰች ትመለሳለች። ታንኳም እንዲሁ፣ ግመልም እንዲሁ። መንገደኛው ወንዝ ዳር ፀሐይ ሲመታው ይውላል።

አንድ ክረምት ዶፍ ወረደና የቆላውን ምድጃ ሁሉ አጠፋው። ደብሪቱ የምትባል አራስ ገንፎ የምታበስልበት እሳት አጥታ፣ እርጥብ ጎጆ ውስጥ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች ተባለ። ይህን የሰማችው የደጋዋ ጉልቻ አንዱን ልጇን፣ ፍሙን፣ በገል አድርጋ አመድ አለበሰችውና በቅሎ ላይ ጫነችው።

«እመት በቅሎ፣ ልጄን አደራ!»

«ኧረ በእኔ ይሁንብሽ!» አለች በቅሎ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ታንኳ ማዶ ናት። በቅሎ ገሉን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ዞር አለች።

«እመት በቅሎ፣ ነፋሱ በረታብኝ» አለ ፍም። «ታንኳ እስክትመጣ በጎንሽ ከልዪኝ።»

«የእኔ ድንበር እዚህ ድረስ ነው።»

«እሺ፣ አንዴ ጮኸሽ ጥሪልኝ?»

«እኔ ለታንኳ ልጮህ? እሷ ማን ሆና!» ብላ ሄደች።

ጉልቻ ገና ከሩቅ ስታያት «ልጄ ደረሰልኝ?» አለቻት።

«አስረክቤያለሁ» አለች በቅሎ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከቆላ ጭስ አልታየም። ጉልቻ ሁለተኛውን ፍም ላከች። በቅሎ ወንዙ ዳር ስትደርስ የትናንቱን ፍም እዚያው ድንጋይ ላይ ከሰል ሆኖ አገኘችው። ታንኳ ዛሬ እዚያው ነበረች። «አንዴ ብትጮኺ እኮ እሰማሽ ነበር!» አለቻት።

ታንኳ ግን ምን ተሻለች? ሁለተኛውን ፍም አሻገረችና ግመል የሌለበት አሸዋ ላይ ጥላው ተመለሰች። «የእኔ ድንበር ውሃው ነው» አለች። ፍሙ ማዶ ሲከስም በቅሎ ቆማ አየች። በልቧ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «እሰይ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም!» ወይ እፍረት ማጣት!

በሦስተኛው ቀንም ከቆላ ጭስ አልታየም፤ ጉልቻ ዘንድ የቀረው አንድ ፍም ብቻ ነው።

«ይህ ከጠፋ እኛም ቤት እሳት የለም» አለች ጉልቻ። «አራሷን ግን ዝም ብዬ አላይም። ደግነቱ አንቺ አለሽልኝ። ሌሎቹ ቢበድሉኝም አንቺ አስረክበሻል።»

የበቅሎ ጆሮዎች ዝቅ አሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አላስረከብኩም» አለች ቀስ ብላ። «የመጀመሪያውን ጥዬው ነው የመጣሁት። ዋሸሁሽ።»

ጉልቻ የቀረውን ፍም አመድ አለበሰችው። ከዚያ «የምልክበት ሌላ የለኝም» ብላ የመጨረሻ ልጇን ጫነችባት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

በቅሎ ወንዙ ዳር ቆመች። ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ ፍሙን ከለለችው፤ ከዚያ አገር እስኪሰማ ጮኸች።

«እመት ታንኳ! አጥፍቻለሁ፣ ነይልኝ! እስክትቀበዪኝ አልሄድም!»

ታንኳ የራሷ ጥፋት ትዝ አላትና እየተቻኮለች መጣች። ፍሙን ይዛ ማዶ ስትደርስ እሷም በተራዋ ግመልን ተጣራች። ግመልም እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ተንበረከከላት። ቀትር ሳይሆን ከደብሪቱ ጎጆ ጭስ ወጣ። በማግስቱ ከዚያ ምድጃ ሌላ ፍም ተጭሮ፣ ከግመል ታንኳ፣ ከታንኳ በቅሎ እየተቀባበሉት ለጉልቻ ደረሰላት።

«ተባረኪ» አለቻት ጉልቻ። በቅሎ ግን ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ድንጋዩ ላይ የቀረው ከሰል ከፊቷ አልጠፋ አለ።

ዛሬም በቅሎ ወንዝ ዳር ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ጆሮዋን አቁማ ማዶ ማዶውን ታያለች። ባለቤቷ «እልኸኛ!» እያለ ይገርፋታል። እልህ አይደለም። የሚቀበል መኖሩን እያየች ነው።

እናንተም አደራ ስትይዙ ተቀባዩን ሳታዩ እጃችሁን አትፍቱ። በሉ፣ እኔም ተረቴን አድርሻለሁ፤ «ተቀበልንሽ» በሉኝና ልሂድ።