የባሻ ሽብሩ ድሪ

ሰው ያገኘውን ደህና ነገር በጥርጣሬ ሲያበላሽ የእኛ አገር ሰው የሚወረውርበት አንድ ተረት አለ። ተረቱን ያመጡብን ባሻ ሽብሩ ናቸው። ዶሮ ሲገዙ እንቁላል እስክትጥል ቆመው ይጠብቃሉ እየተባሉ የሚታሙ ሰው ነበሩ።

ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ለጥሎሽ ድሪ አስፈለጋቸው። ለንጹሕ ወርቅ አቅም የላቸውም። የሙሽሪት እናት እመት ጥሩነሽም ይህን ስለሚያውቁ፣ ወርቅ የለበሰ ብር ቢመጣ ቅር እንደማይላቸው፣ ሽማግሌ ፊት ወርቁ ለቆ ነጥቶ ቢገኝ ግን ልጃቸውን እንደማይሰጡ ቁርጡን ላኩባቸው። ባሻ እንቅልፍ አጡ።

ገበያ ወርደው አንጥረኛው መንበሩ ዘንድ ተቀመጡ። መንበሩ ሁለት ድሪ አወጣላቸው፤ አንዱ የወርቅ ውሃ የነካው ቅብ፣ ሌላው ወርቅ በስሱ ተቀጥቅጦ የለበሰው ልባጥ። ለዓይን መንታ ናቸው። ጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈተግ ሲያደርጓቸው ቅቡ ወዲያው ነጣ፤ ልባጡ ደማቅ ቢጫ መስመር አሰመረ። ባሻ ልባጡን ገዙ፤ ድንጋዩንም ለምነው ወሰዱ።

"አንዴ ፈትነውታል ባሻ፤ ይብቃዎት" አላቸው መንበሩ።

እሳቸው መች በቃቸው። ሰውየው ሲጠቀልል ለውጦብኝ ይሆናል ብለው መንገድ ላይ ፈተጉት። ጎረቤት ሲጠራጠር ፊቱ ፈተጉት። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ድሪውን መፈተግ ሥራቸው ሆነ። ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ቢጫው መስመር በበዛ ቁጥር ልባቸው ያርፋል።

የጥሎሹ ቀን ቀሚሱና ካባው ተዘርግቶ ተመሰገነ። ድሪው ሲነሳ ግን ወርቁ የለም። ነጭ ብር ነው። እመት ጥሩነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ባሻ ከኪሳቸው ድንጋዩን አወጡ። "እኔ አላታለልኩም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ፈትኜዋለሁ፤ ይኸው ድንጋዩ ይመስክር።"

ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ ሆኗል። እመት ጥሩነሽ ድንጋዩን አዩ፣ ድሪውን አዩ፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ለማታለል የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ምስክር ይዞ አይመጣም፣ ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ።

ሽማግሌው አለቃ ወልደ ሰንበት ድሪው ዳግም እንዲለበጥ ፈረዱ፤ ድንጋዩንም ከባሻ እጅ ቀስ አድርገው እየወሰዱ፣ "ባሻ፣ ልባጥን ይለብሱታል እንጂ ሲፈትጉት አይኖሩም" አሏቸው።