ለድመቲቱ የተለመነው ወተት

ጾም አጥብቆ የሚጾም አንድ ገበሬ ነበረ። የጠየቅሽኝን በእርሱ እመልስልሻለሁና ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ ወለተ ሐና።

ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጆቹም ትዳር ይዘው ርቀዋል። በቤቱ የቀረችው አንዲት ድመት ነበረች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጎተራውን ከአይጥ ጠብቃለታለች። እሷ ባትኖር በአንዱ ክፉ ዓመት ለዘር የሚሆን እንኳ አይተርፈውም ነበር። አሁን ግን አረጀች። ጥርሷ ረገፈ፣ አንድ ዓይኗን ሞራ ሸፈነው፣ ጀርባዋን ሲዳብሳት አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። የምትውጠው ወተት ብቻ ሆነ።

ታዲያ ዐቢይ ጾም ገባ። እንደምታውቂው በጾም ወተት ከአገር አይጠፋም። ይናጣል፣ ቅቤ ይወጣዋል፣ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ጿሚ አይቀምሰውም እንጂ። የገበሬው ላም ግን ነጥፋለች፤ ወተት ከጎረቤት መለመን ሊኖርበት ነው። በቤቱ ደግሞ ሕፃን የለም። «ያ ጿሚ ሽማግሌ በሑዳዴ ወተት ያስቀዳል» ቢባልስ? አገሩ ሁሉ ልጁን ሲቆጣ «እንደ እርሱ ጹም» የሚለው ሰው ነው። ስሙን ፈራ።

ስለዚህ ሽሮ አቅጥኖ ሰጣት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ተልባ ወቅጦ፣ አጥልሎ፣ እንደ ወተት አቀረበላት፤ ምላሷን ነክራ ተወችው። «እስቲ ነገ ትበላ ይሆናል» ይላል፤ ነገ ይመጣል፣ አትበላም። እርሻ ላይ ሆኖ ሐሳቡ እቤት ነው። ቅዳሴ ቆሞ አፉ «አቤቱ ማረን» ሲል ልቡ «አሁን ትተነፍስ ይሆን?» ይላል። ሲመለስ በሩን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ያስጠጋል። ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል እስኪያይ ድረስ እርሱም ትንፋሹን ይውጣል።

አንድ ቀን ጨከነና ኩባያ በጋቢው ሥር ደብቆ ጎረቤት ሄደ። የቤቱ እመቤት ብቅ አለች።

«ምነው አባቴ፣ በደኅና ነው?»

ኩባያውን ይበልጥ ሸሸገና፣ «እሳት ልጭር ብዬ ነው» አላት። እሷም በገል ፍም ሰጠችው። እቤቱ እሳት እየነደደ ሌላ እሳት ተሸክሞ ተመለሰ። እዪልኝ እንግዲህ የጿሚውን ብልሃት!

ሲገባ ድመቲቱን ከመደቡ ሥር ወድቃ አገኛት። ልትወጣ ሞክራ እግሯ ከድቷታል። ሲያነሣት ምንም ያልያዘ ያህል ቀለለችው። አንጀቱን በላችው፤ አለቀሰ። ያን ቀን ግን አልሄደም። በማግሥቱም አልሄደም። ፈራ ተባ ሲል ሦስት ቀን አለፈ።

በአራተኛው ቀን ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በየመንገዱ ሲበተን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ኩባያውን በእጁ ይዞ እዚያው የጎረቤቱ ደጃፍ ቆመ። አላፊ አግዳሚው እየሰማ፣ «ልጄ፣ ወተት ስጪኝ። ለድመቴ ነው፤ ልትሞትብኝ ነው» አላት። አንዱ ከመንገድ ላይ፣ «ድመቲቱ ናት የምትጠጣው ወይስ ባለቤቷ?» ብሎ ሰው አሳቀ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። «ምነው አባቴ፣ እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ?» አለችው። «ትናንት እንኳ የተረፈውን ለውሻ ደፋነው።»

ድመቲቱ ጠጣች። እየደከማት፣ መሐል ላይ እያረፈች፣ ጠጣች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አመጣላት፤ ሰውም ሁለት ቀን አውርቶ ሰለቸው። ነገር ግን ጉልበቷ አልቆ ነበርና ዐሥር ቀን ቆየችለት፤ ሆሳዕናን አላየችም። ገበሬው በመሞቷ አልተማረረም፤ እንዳረጀች ያውቃል። እሳት ተሸክሞ የተመለሰበት ቀን ግን እስኪሞት ድረስ ቆጨው።

እንግዲህ ልጄ፣ «እናቴ አልጋ ይዛለች፤ እሷን ላስታምም ብዬ ከቅዳሴ ብቀር እግዚአብሔር ይቀየመኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እናትሽን ከድመት ጋር ላመሳስል አፌ አይደፍርም። ገበሬው ግን አንቺ ነሽ። በሯን ቆልፈሽ ትመጫለሽ፤ ቁልፉን ጨብጠሽ «ወድቃ ይሆን? ውሃ ጠምቷት ይሆን?» ስትዪ ቅዳሴው ያልቃል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ፤ ያስፈራሽ እግዚአብሔር አይመስለኝም። ሃያ ዓመት የቆምሽበት ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያዩት ሴቶቹ የሚሉትን ነው የፈራሽው። ይሉኝታ ነው። እነርሱ ሁለት ቀን አውርተው ይተዉታል፤ ለእናትሽ ስንት ቀን እንደቀራት ግን አንቺም እኔም አናውቅም።

ለመሆኑ አሁን አጠገቧ ማን አለ?

በይ ተነሺ፣ ልጄ። መስቀሉን ሌላ ቀን ትሳለሚያለሽ።