እህት አላናግርም አለች፣ ሞተር አልነሳም አለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አሞጥሙጣችኋል። ተዉት፤ የዛሬው ተረቴ ላምም በረትም የለውም። ያለው አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። እንግዲያው ተረት ተረት ስል «የሞተር ጩኸት» በሉኝና እንጀምር።

በአንዲት ትንሽ ከተማ በርበሬ ከገበያ ገበያ የሚያዞር ስንሻው አስረስ የሚባል ሰው ነበር። መንደርተኛው የስንሻውን መምጣት የሚያውቀው በማስነጠስ ነው። ሞተሩን ዳማ ይለዋል፤ ቀለሙ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ስለሚል እንጂ እንደ ፈረስ ስለሚሮጥ አይደለም። ዳማ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሳይፈልግ ይቆማል። ሠርግ ሲጠሩት ድግሱ ካለቀ በኋላ ያደርሰዋል። ስንሻውም «ዛሬ እሸጠዋለሁ፣ ነገ ሌላ እገዛለሁ» ሲል ኖረ እንጂ አልሸጠውም። ምክንያቱም እሑድ እሑድ አባቱን አቶ አስረስን ኋላው አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው በዳማ ነበር። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን በልጃቸው ቀበቶ አስገብተው፣ በሌላው ጃንጥላ ዘርግተው ሲያልፉ ያየ ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን አቶ አስረስ ሞቱ። ስንሻው ሩቅ ገበያ ላይ ነበር። መርዶውን ሲሰማ በርበሬውን እንደተዘረጋ ትቶ፣ ዳማን አስነስቶ በረረ። ዳማ ዳገቱ መካከል ላይ ቆመ። ስንሻው ረገጠው፣ ለመነው፣ ሰደበው፤ ከዚያ ገፋው። ገፍቶ ገፍቶ ሲደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ለቀስተኛውም ድንኳን ገብቷል። አባቱ ይኖሩ የነበሩት ከታላቅ እህቱ ከይታይሽ ጋር ነው። ይታይሽ «ልጁ ይድረስ፣ ትንሽ ታገሡልኝ» ብላ ካህናቱን ስትለምን ቆይታ፣ በመጨረሻ ብቻዋን ቀብራ ተመለሰች። ወንድሟን አየችው፤ ሞተሩንም አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አላናገረችውም።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ስንሻው የሚመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ በደጇ ሲያልፍ «ግባ» እንድትለው ብቻ ነው። ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ ሄደው ተመለሱና «ያ ሞተር ከእጁ ሳይወጣ አላናግረውም። ከፈለገ ሌላ ይግዛ፣ ካልፈለገ በእግሩ ይሂድ ብላለች» አሉት። ነገሩ የተጀመረው እንግዲህ እዚህ ነው፦ ሞተሩ ካልተሸጠ እህት አታናግርም።

ስንሻው ዳማን ይዞ ወደ ደላላው ወደ ጫኔ ሄደ። ጫኔ የሞተ በግ «ተኝቶ ነው» ብሎ የሚሸጥ ደላላ ነው።

«ጫኔ ወንድሜ፣ ይህን ሞተር ሽጥልኝ፤ ሞተሩ ካልተሸጠ እህቴ አታናግረኝም።»

«ምን ችግር አለ! እስቲ አስነሳው።»

ስንሻው የማስነሻውን መርገጫ ረገጠ። መርገጫው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «ገፍተን እናስነሳዋለን» አለ ስንሻው፤ መግፋት መቼም ለምዷል። ጫኔ ግን ራሱን ነቀነቀ። «በግፊያ የሚነሳ ሞተር ለጠላትም አይሸጥ። አሠርተህ አምጣው» አለው። እንግዲህ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህት አታናግርም። ስንሻው አዘነ። የልቡ አንደኛው ጥግ ግን «እሰይ» አለ፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ዳማን እየገፋ ወደ መካኒኩ ወደ አንዋር ሄደ። «አንዋር፣ እባክህ ሞተሬን አስነሳልኝ፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህቴ አታናግረኝም።»

አንዋር ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው። «ጋሽ ስንሻው፣ ይሄ እኮ ውስጡ ጤነኛ ነው። ካርቡሬተሩን አጥቤ ካንዴላውን ብቀይርለት ገና ብዙ ያገለግልሃል። ምን አስሸጠህ?»

«የምነግርህን አልሰማህም እንዴ?» አለ ስንሻው፤ ጥያቄው ግን ልቡን ነካው።

«ይሁን። መርገጫው ሳይበየድ ግን አልነካውም። የዚህ ዓይነት መለዋወጫ መምጣት አቁሟል።» እንግዲህ በያጁ ካልበየደ መካኒኩ አይነካም፤ መካኒኩ ካልነካ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህት አታናግርም።

ስንሻው የተሰበረውን መርገጫ በኪሱ ከቶ ወደ በያጁ ወደ ልየው ሄደ። ልየው ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ አገኘው። «ልየው፣ ይህችን በይድልኝ፤ በያጁ ካልበየደ መካኒኩ አይነካም፤ መካኒኩ ካልነካ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህቴ አታናግረኝም።»

«በምኔ ልበይድ? በትንፋሼ?» አለ ልየው። «ያንን አታይም?» ብሎ በጣቱ ወደ ላይ አሳየው። የቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ አንድ ወፍራም ቅርንጫፉን በሽቦው ላይ ጥሎታል። የመብራት ሠራተኞች መስመሩን አቋርጠው፣ «ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ጥሩን» ብለው ሄደዋል። እንግዲህ ዋርካው ካልተቆረጠ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ካልበየደ መካኒኩ አይነካም፤ መካኒኩ ካልነካ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህት አታናግርም። እናንተ ደከማችሁ፣ ስንሻው ግን ገና ዳገት ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ቄሰ ገበዝ አባ ወልደ ሐና ናቸው። ስንሻው መስቀል ተሳልሞ እንዲህ አላቸው፦ «አባቴ፣ ዋርካው ይቆረጥልኝ። ዋርካው ካልተቆረጠ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ካልበየደ መካኒኩ አይነካም፤ መካኒኩ ካልነካ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህቴ አታናግረኝም።»

«ይቆረጥ ልጄ፣ ማን ከለከለ? ያለ መሰላል ግን ማንንም አላስወጣም። ባለፈው የወጣው ሰው የመጣልን ወርዶ ሳይሆን ወድቆ ነው።»

«መሰላሉን ከየት ላምጣ?»

«ከእድር ዕቃ ቤት ነዋ! ዋርካ የሚደርስ ሌላ መሰላል በዚህ ከተማ የት አለ?»

ስንሻው አንገቱን ደፋ። አባ ወልደ ሐናም ነገሩ ትዝ አላቸው። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በይታይሽ አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

የዚያን እድር ሕግ ልንገራችሁ። ቀደም ሲል አንድ ትልቅ ድስት ወጥቶ ጠፍቶባቸው ነበር። ሰጪው «ሰጥቻለሁ»፣ ተቀባዩ «አልወሰድኩም» ተባባሉና ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚወጣው ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ ሲጠይቅ፣ ባለቁልፏም የዕቃውን ስም፣ የተቀባዩን ስምና የአባቱን ስም ጮክ ብላ ስትጠራ ነው። ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ የቆመው ሰው ደግሞ «ሰምተናል» ይላል። በጥቅሻ አይሰጥም፣ በተወካይ አይወሰድም። ስንሻው ጫኔን «አንተ ጠይቅልኝ» ብሎ ቢለምነው ጫኔ እንኳ «ይህንስ አልችልም» አለ። እንግዲህ ጉድ ፈላ። እህት ካላናገረች መሰላሉ አይወጣም፤ መሰላሉ ካልወጣ ዋርካው አይቆረጥም፤ ዋርካው ካልተቆረጠ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ካልበየደ መካኒኩ አይነካም፤ መካኒኩ ካልነካ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደላላው አይሸጥም፤ ደላላው ካልሸጠ እህት አታናግርም። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት።

ስንሻው ወደ ቤቱ ተመለሰና ዳማ አጠገብ ተቀመጠ። «እንግዲህ አትሸጥም። እኔ ምን ላድርግ? ሞክሬያለሁ» አለው። ያ የልቡ ጥግ «እሰይ» ይል እንደሆነ ቢያዳምጥ ዝም ብሏል። ዳማ ያለው እዚያው ነው፤ ኋላው የሚቀመጡት ሰው ግን የሉም። ያለችው አንዲት እህት ናት፣ እሷም በመንገድ ላይ ስታገኘው ፊቷን ወደ አጥር ታዞራለች። ስንሻው አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው ብቻውን ሲሆን እንደሚያለቅሰው።

እድርተኛው ዕቃ የሚወስድበትና የሚመልስበት እሑድ ደረሰ። ስንሻው ሄዶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«መሰላል እፈልጋለሁ» አለ ስንሻው፣ መሬት መሬት እያየ። «ረጅሙን።»

ይታይሽ ቀና ብላ አላየችውም። ገባች፤ መሰላሉን እየጎተተች አወጣችና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሰዉ ጠበቀ። እሷም ቁልፉን አንገቷ ላይ መለሰች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብላ ጀመረች፦

«መሰላል፣ ረጅሙ፣ ደህና! ተቀባይ ስንሻው...»

ቆመች። የአባት ስም ቀርቷል፤ የእሱ አባት ደግሞ የእሷም አባት ነው። ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም።

«...አስረስ» አለች፤ ድምጿ እዚያው ተሰበረ።

ስንሻው «ተቀብያለሁ» ለማለት አፉን ቢከፍት ድምፁ አልወጣም አለ። ሁለተኛ ሞክሮ እንደ ምንም ተናገረው። «ሰምተናል» ማለት የነበረበት ሰው ሁሉ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ጫማ ያይ ነበር። ይታይሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ጫኔ የመሰላሉን ጫፍ እያነሳ፣ «ይኸው አናገረችህ አይደል? አሁን ሞተሩን ምን ያሸጥሃል?» አለው።

«እሱ የእድር ቃል ነው ጫኔ» አለ ስንሻው። «የእህት ቃል አይደለም።»

እንግዲህ ተተረተረ። መሰላሉ ወጣ፣ ዋርካው ተቆረጠ፣ መብራት መጣ፣ በያጁ በየደ፣ መካኒኩ ነካ፣ ሞተሩ ተነሳ። እንዴት አድርጎ እንደተነሳ ብታዩ! በመጀመሪያው እርግጫ፣ ሳይስል፣ ሳያጨስ። ድምፁ ገና ከፋብሪካ የወጣ አስመሰለው። አንዋር «ጋሽ ስንሻው፣ አትሽጠው እንጂ፣ እንዲህ ሆኖልህ!» ብሎ ለመነው። ጫኔ ግን ከማዶ ቀበሌ አንድ መምህር አምጥቶ አጠገባቸው አቁሟል። ስንሻው የኋላውን መቀመጫ በመዳፉ ጠረገ፤ አቧራ አልነበረበትም፣ ግን ጠረገው። «ውሰደው» አለና ፊቱን አዞረ። ደላላው ሸጠ። መምህሩም በይታይሽ ደጅ በኩል አድርጎ ሄደ።

እዚህ ላይ ዳቦዬን ተቀብዬ መነሳት ይቻለኝ ነበር። ግን እህት ቀርታለች።

ስንሻው በእግሩ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ይታይሽ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን እያየች ደረሰባት። 

«ግባ» አለችው።

ያን ሁሉ የተንከራተተላት ቃል ይህችው ናት። ስንሻው ግን ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ሸጥኩት እታለም» አለ። «አባዬ የሚቀመጥበት ስለሆነ ነው እንጂ እስካሁን አላቆየውም ነበር። ያን ቀንም ዳገቱ ላይ ጥዬው መሮጥ ነበረብኝ። ጥዬው ብሮጥ እደርስ ነበር። አቃተኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ይታይሽ። «ስለ ቀብሩማ በዚያው ሰሞን ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሽጠው አልሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች፤ መልሳ አስተካከለች። «ድምፁን በሰማሁ ቁጥር አባዬ ከቤተ ክርስቲያን መጣ ብዬ ብድግ እላለሁ። ሮጬ በሩን ስከፍት አንተን ብቻ አያለሁ። ዛሬም ሞተሩ ሲያልፍ ተነስቼ ነው እዚህ ያገኘኸኝ።»

ስንሻው እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ምነው እታለም! ምነው ይህን ብትነግሪኝ! በማግስቱ አስወግደው ነበር እኮ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆነን ከምንከርም ምነው በነገርሽኝ!»

«ሳላናግርህ እንዴት አድርጌ ልንገርህ?» አለችው።

 እሷ ወደ ጎን አለችለት፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ገባ።