የጨሬ ውሃና የአያ ጥሩነህ ኩርፊያ

ተረት ልንገራችሁ፤ ለጆሯችሁ ሥራ ስጡት። ጨሬ የምትባል ጅረት ነበረች፤ ወንዝ ቢሏት የምታፍር፣ ግን ሦስት መንደር የምታጠጣ። በታችኛው መንደር የወይዘሮ ትጓደድ ልጅ፣ የዝና የምትባለው፣ ንጋት ላይ ወለደች። አራስ ገንፎ ይገባታል፤ ገንፎ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። በቤቱ አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ አልነበረም።

ወይዘሮ ትጓደድ ጀሪካኗን ይዛ ወረደች። ጨሬ ድንጋይ ብቻ ሆናለች።

«ጨሬ፣ ውሃ ስጪኝ፤ አራሷ ርቧታል።»

«እሰጥሽ ነበር፤ ቦዩ ወሰደኝ።»

ወደ መካከለኛው መንደር ወጣች።

«ቦይ፣ ጨሬን ልቀቃት። ጨሬ ውሃ አልሰጥ አለች፣ አራሷ ርቧታል።»

«እለቃት ነበር፤ ግድቡ ወደ እኔ ይገፋታል።»

ወደ ላይኛው መንደር ወጣች።

«ግድብ፣ ፍረስ። ቦዩ ጨሬን አልለቅ አለ፣ ጨሬ ውሃ አልሰጥ አለች፣ አራሷ ርቧታል።»

«እፈርስ ነበር፤ ዶማው አልነካኝም።»

ዶማው ውሃ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ቤት ግድግዳ ተደግፏል።

«ዶማ፣ ግድቡን ናድ። ግድቡ አልፈርስ አለ፣ ቦዩ ጨሬን አልለቅ አለ፣ ጨሬ ውሃ አልሰጥ አለች፣ አራሷ ርቧታል።»

«ግድቡን እንድ ነበር፤ ጌታዬ አኩርፎ አላነሳኝም።»

በዚያ አገር የውሃ ተራ የሚያስጠብቀው፣ ግድብም የሚከፍተው የውሃ አባት ብቻ ነው። ዛሬ ተራው የታችኛው መንደር ነበር። የውሃ አባቱ ደግሞ የወይዘሮ ትጓደድ ታላቅ ወንድም፣ አያ ጥሩነህ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

«አያ፣ ዶማውን አንሳ። ዶማው ግድቡን አልንድ አለ፣ ግድቡ አልፈርስ አለ፣ ቦዩ ጨሬን አልለቅ አለ፣ ጨሬ ውሃ አልሰጥ አለች፣ አራሷ ርቧታል።»

«የእህቴ ልጅ መውለዷን ከሰው አፍ ሰማሁ። ና ገንፎ ብላ ያለኝ የለም። ሳይጠሩኝ አቤት ልበል?»

«ወንድሜ፣ ባዶ ገበታ ላይ እንዴት ልጥራህ? ገንፎው ውሃ ይጠብቃል፤ ውሃው አንተን ይጠብቃል፤ አንተ ገንፎውን ትጠብቃለህ። የዝና ማንን ትጠብቅ?»

አያ ጥሩነህ አፈረ። እንዲህ ያለ ሞኝ ኩርፊያ የሚያኮርፈው የሚወድ ሰው ብቻ ነው። ጋቢውን ጣለ። እሱ ዶማውን አነሳ፣ ዶማው ግድቡን ናደ፣ ግድቡ ፈረሰ፣ ቦዩ ጨሬን ለቀቀ፣ ጨሬ ውሃ ሰጠች፣ ገንፎው በሰለ።

ወይዘሮ ትጓደድ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «አያ፣ ና ገንፎ ብላ» ብላ ጠራችው። መጣ፤ እጁን ግን አልሰደደም።

«መጀመሪያ እሷ» አለ።

የዝና በላች፤ ቅቤው በአገጯ ወረደ። እልልታ የሴት ነው ተብሎ እንጂ፣ አያ ጥሩነህም እልል ሊል ምንም አልቀረው።