ክትክታ ክንፍ ያወጣችበት ቀን

ተረት ተረት።

«የመሰረት።»

ይሄ የመሰረት ነው ወይስ የድመት ማዛጋት? እስቲ እንደገና። ተረት ተረት።

«የመሰረት!»

አሁን ገና ሰማሁ። በድሮ ጊዜ፣ ዛፍ ሲናገር ሰው ቆሞ በሚያዳምጥበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ዛቢያ ጠራቢ ነበረች። ዛቢያ የመጥረቢያ እጀታ ነው። መንደሯ ከአንድ መላጣ ኮረብታ ሥር ነበር። ኮረብታው ላይ አንድ ዛፍ እንኳ ስላልነበረ ዝናቡ በመጣ ቁጥር አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ምንጩም ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄዶ የሕፃን ጣት አከለ። ሽማግሌዎቹ «እስከ መስከረም ካልበረታ አገር ለቀን እንሄዳለን» አሉ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። መንደሯን ትወድ ነበር።

ከተራራው ማዶ ክትክታ የምትባል ዛፍ ነበረች። እንጨቷ ጠንካራ ነው፤ ቅጠሏ ያብረቀርቃል፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። ድንጋያማ መሬት ላይ ሳይቀር ትበቅላለች። ፍሬዋ ግን በዚያ ዘመን እንደ ሽምብራ ድቡልቡል ነበር። ሲበስል እግሯ ሥር ዱብ ይልና እዚያው ይቀራል።

«እሜቴ ክትክታ» አለቻት ትርንጎ፣ «መላጣውን ኮረብታ የሚያለብስልኝ ዘር ይስጡኝ።»

«ውሰጂ ልጄ። ልጆቼ እግሬ ሥር ተጣበው ሊያልቁ ነው። ግን በሩን እንዴት ታልፊዋለሽ?»

በሩ በሁለት ተራሮች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ አንድ ጭራቅ ተቀምጧል። ሰው አይነካም፤ ዘር ግን አንዲት ፍሬ አያሳልፍም። እንዲህ ያለ ሆዳም አይታችሁ አታውቁም።

በመጀመሪያው ቀን ትርንጎ ዘሩን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ በእግሯ መጣች። ጭራቁ አሸተተ። «በእግር ያለፈ የኔ ነው» አለና ቆረጣጠመው።

በሁለተኛው ቀን በአህያ ጭና መጣች። «በጀርባ ያለፈም የኔ ነው» አለና ዘሩን ከነስልቻው ዋጠው። አህያዋ ተርፋለች፣ አትፍሩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ርግብ ዘሩን ውጣላት በረረች። ጭራቁ ርግቧን ከአየር ላይ ቀለባትና ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ አስተፋት። «በሆድ ያለፈም የኔ ነው» አለ።

ይሄኔ ትርንጎ ትዕግሥቷ አለቀ። «በሕግ አምላክ!» አለች።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። ጭራቅም ቢሆን ይቆማል። ወዲያው የነጠላዋን ጫፍ ከጭራቁ ደበሎ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት እንዲህ ተቆራኝተው ነው፤ ቋጠሮውን የፈታ ይቀጣል። ያ ሁሉ ግዝፈት እንደ ጥጃ ተጎተተ። በመንገድ ያየው ሁሉ ሳቀበት።

ዳኛው አያ ኤሊ ነበሩ።

«ጌታዬ» አለች ትርንጎ፣ «በሩ ላይ የእሱ የሆነው ምን ምን እንደሆነ ይናገርልኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

ጭራቁ ደረቱን ነፋ። «በእግር ያለፈ፣ በጀርባ ያለፈ፣ በሆድ ያለፈ።»

«የቀረህ አለ?» አሉት አያ ኤሊ።

«ምን ይቀራል? ሌላ ማለፊያ የት አለና።»

«እንግዲያው በሌላ መንገድ ያለፈ ዘር ነፃ ነው። ማልልኝ።»

ጭራቁ እየሳቀ «ንጉሥ ይሙት» ብሎ ማለ። ቋጠሮውም ተፈታ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትርንጎ ሌላውን መንገድ ገና አላወቀችውም ነበር። ጨነቃት። ክትክታ ሥር ቁጭ ብላ ዛቢያ መጥረብ ጀመረች፤ እጇ ሥራ ሲይዝ ልቧ ይረጋጋል። ነፋስ መጣና ከእንጨቱ የተላጠውን ስስ ፍቅፋቂ አንስቶ ወደ ሰማይ ወሰደው። ትርንጎ ሲሄድ ሲሄድ እስኪሰወር አየችው።

ቶሎ ብላ ሦስት ስስ ፍቅፋቂ አዘጋጀች። በሚጣበቀው የክትክታ ቅጠል ሙጫ አንዲት ፍሬ ላይ ለጠፈቻቸውና ወደ ላይ ወረወረቻት። ፍሬዋ ተሽከርክራ በረረች።

«እስቲ ደግመሽ አሳዪኝ» አለች ክትክታ።

ትርንጎ ደግማ፣ ሠልሳ አሳየቻት። በማግስቱ ጠዋት ክትክታ ከላይ እስከ ታች ባለ ሦስት ክንፍ ፍሬ ለብሳ ተገኘች። ከደስታዋ ብዛት ክንፎቹ ሁሉ ቀልተው ነበር።

ነፋሱ ነፈሰ። ሺህ ቀያይ ክንፍ በበሩ ላይ ጎረፈ። ጭራቁ እጁን ዘረጋ። እግር ፈለገ፣ የለም። ጀርባ ፈለገ፣ የለም። ሆድ ፈለገ፣ የለም። እንዲያም ሆኖ ሊውጥ አፉን ሲከፍት መሐላው መንጋጋውን ግጥም አድርጎ ዘጋው።

በዚያ ክረምት ኮረብታው አረንጓዴ ለበሰ፣ ሥሩም አፈሩን ያዘ። መስከረም ሲጠባ ሽማግሌዎቹ ጓዛቸውን ጭነው ምንጩን ሊሰናበቱ ወጡ። ምንጩ ክንድ አክሎ ይንዶለዶላል። ሽማግሌዎቹ ጓዛቸውን ከአህዮቹ ላይ አወረዱና እጃቸውን ታጠቡ።

ልጆች፣ ክትክታ ስታገኙ የፍሬዋን ክንፎች ቁጠሩ። አንዱ ክንፍ ስለ እግር፣ አንዱ ስለ ጀርባ፣ አንዱ ስለ ሆድ ነው። ጉልበተኛ ሦስት በር ቢዘጋባችሁ አራተኛውን ፈልጉ፤ ብልሃት ያለው ሰው ማለፊያ አያጣም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በበቆሎ እሸት አብሱ።